ሞክሼዎቹ እና የአሥራ አራት ቀኑ ክኒን

በዚያን ጊዜ ከምንም በላይ የምኮራው በእጅ ጽሑፌ ነበር። የላቦራቶሪ መዝገቤን የከፈተ ሰው ስርዝ ድልዝ አያገኝበትም። ለቁጥጥር የመጡ ሰዎች ሁለት ጊዜ በስልካቸው ፎቶ አንሥተውታል። ይህን ጉራዬን አስቀድሜ የምነግራችሁ ወድጄ አይደለም፤ ሰው ልገድል የደረስኩት በዚሁ ባማረ መዝገብ ላይ ስለሆነ ነው።

የተወለድኩት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። አባቴ ቄስ ናቸው። ላቦራቶሪ ተምሬ እንደጨረስኩ የተመደብኩት ከአርብ ገበያ ወደ ቆላው በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ነው፤ ስሟን ብተወው ይሻላል። በሦስተኛው ዓመቴ ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ አዲስ የመመርመሪያ መሣሪያ መጣችልን።

የቆላ ወባ ያሠቃያችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ አንደኛው ዓይነት ታክሞ ድኗል ከተባለ በኋላ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቆይና በወሩ ወይም በሦስት ወሩ ያገረሻል። የተደበቀውን የሚገድል ክኒን አለ፤ በየቀኑ ለአሥራ አራት ቀን ይዋጣል። ለብዙ ሰው ግሩም መድኃኒት ነው። አንዳንድ ሰው ግን ሲወለድ ጀምሮ ቀይ የደም ሴሎቹን የሚጠብቅለት ኢንዛይም ያንሰዋል። እንዲህ ያለው ሰው ያንን ክኒን በየቀኑ ከዋጠ ደሙ እዚያው ሰውነቱ ውስጥ ይፈርሳል። አዲሷ መሣሪያ ከጣት በተወሰደች ጠብታ ደም ይህንን ትለያለች። አሠልጣኛችን፣ "እስከ ዛሬ መድኃኒት የምንሰጠው በሽታውን አይተን ነበር፤ ከእንግዲህ ሰውየውንም አይተን ነው" ሲለን ደስ ብሎኝ ደብተሬ ላይ አሳምሬ ጻፍኩት።

ነገሩ የተጀመረው የገና ጾም በገባ ሰሞን፣ አንድ አርብ ቀን ነው። ከገበያ የሚመለሰው ሰው በዚያው ለመታከም ጎራ ስለሚል፣ አርብ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን መፈናፈኛ የለውም። ከተሰለፉት መካከል ሁለት ካህናት ነበሩ። አንደኛው ስልሳ ስምንት ዓመት የሆናቸው የድጓ መምህር፣ መሪጌታ ይትባረክ ናቸው። ሁለተኛው የዚያው ደብር ካህን፣ አርባዎቹን ያጋመሱት ቄስ ምናሉ ናቸው። ሁለቱም ለጥቅምት መድኃኔ ዓለም ንግሥ ቆላ ወርደው ሰንብተው ነበርና ወባውን ከዚያው ይዘውት መጥተዋል።

መሪጌታ ትኩሳቱ ስላደከማቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ስለዚህ ቄስ ምናሉ ጣታቸውን ቀድመው ዘረጉልኝ። ካርዳቸው ላይ የዓለም ስማቸው ተጽፏል። እኔ ግን ካህን በዓለም ስሙ ሲጠራ ነውር በሚባልበት ቤት ያደግሁ ነኝና፣ ለአክብሮት ብዬ፣

"የክርስትና ስምዎን ይንገሩኝ፣ አባቴ" አልኳቸው።

"ኃይለ ማርያም።"

ጻፍኩ። ቀጥሎ የመሪጌታ ተራ ሆነ።

"የርስዎስ መሪጌታ?"

"እኔም ኃይለ ማርያም ነኝ፣ ልጄ።"

"ሞክሼ ናችሁ ለካ!"

"ሞክሼነቱስ ለኔ ዕዳ ነው" አሉ ቄስ ምናሉ እየሳቁ። "እሳቸው በተጠሩ ቁጥር አቤት እያልኩ ወገቤ ተቆረጠ።"

ሦስታችንም ሣቅን። እኔም በጣም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ በመጀመሪያው የውጤት ወረቀት ላይ "ኃይለ ማርያም አንድ"፣ በሁለተኛው ላይ "ኃይለ ማርያም ሁለት" ብዬ ጻፍኩ። የአንደኛው ኢንዛይም ደህና ነበር። የሁለተኛው፣ ማለትም የመሪጌታ፣ በጣም ዝቅተኛ ሆኖ ስላገኘሁት በቀይ እስክሪብቶ አሠመርኩበት። ሁለቱንም ወረቀት ለቄስ ምናሉ ሰጥቼ ወደ ጤና መኮንኑ ወደ ሲሳይ ክፍል ላክኋቸው። ከኋላቸው ገና ሃያ ምናምን ሰው ይጠብቀኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የሳምንቱን የወባ ሪፖርት ለመሙላት ተቀመጥኩ። የሁለቱን ሞክሼዎች የካርድ ቁጥር መዝገቤ ላይ ስላልጻፍኩ ሲሳይን ልጠይቀው ሄድኩ። ሲሳይ ሥራ ወዳድ፣ ቀልድ አዋቂ ልጅ ነው፤ ገና ሳይገባ የሚያፏጨው ፉጨት ከካርድ ክፍል ይሰማል።

"የኃይለ ማርያም አንድን ቁጥር ስጠኝ" አልኩት።

ካርዶቹን አገላበጠና አንዱን አወጣ። "ይኸውልሽ፤ መሪጌታ ይትባረክ።"

"እሳቸው ሁለት ናቸው። አንድ ቄስ ምናሉ ናቸው።"

"አይ፣ አንድ መሪጌታ ናቸው። ቀድመው የገቡት እሳቸው አይደሉም እንዴ?"

ቆም ብዬ አሰብኩ። ወደ እኔ የቀደሙት ቄሱ ነበሩ፤ ሽማግሌው ስለደከማቸው ብቻ። ወደ ሲሳይ ክፍል ሲገቡ ግን ቄስ ምናሉ እንዴት አድርገው መሪጌታን ይቀድማሉ? በሩን ይዘው "ይግቡ" ብለዋቸዋል።

"ሲሳይ፣ ስማቸውን አልጠየቅህም?" አልኩት፤ ካርዱን ከእጁ ወስጄ።

"ጠይቄያለሁ እንጂ! ‘ኃይለ ማርያም ነዎት?’ አልኳቸው፣ ‘ነኝ’ አሉ።"

ካርዱን አነበብኩት። የአሥራ አራት ቀኑን ክኒን የወሰዱት መሪጌታ ናቸው። አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፤ ሦስት ቀን ውጠዋል። አራተኛው ዛሬ ነው። ወዲያው ስልካቸውን ከካርዱ ላይ ፈለግሁ።

መሪጌታ ስልክ የላቸውም። የቄስ ምናሉ ስልክ ዝግ ነው። ሲሳይ ብቻውን ስለነበረ ሕሙማኑን ጥሎ መሄድ አልቻለም። እኔ መሣሪያዋንና የደም መጠን መለኪያውን በትንሽ ሳጥን አድርጌ ልወጣ ስል እስከ በሩ ሸኘኝ።

"እሌኒ" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ "‘ተሳስተን ነው’ ምናምን ብለሽ አታካብጂው። ‘መድኃኒቱ አልተስማማዎትም’ በያቸውና ክኒኑን ተቀብለሽ፣ ሰውዬውን ይዘሽ ነይ። እኔም አንቺም እንጀራችን ነው።"

ሳጥኑን አንግቼ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ምክሩ ጥሞኛል። በባጃጅ እስከ መንገዱ መጨረሻ፣ ከዚያም ሽቅብ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሬ ስጓዝ ስለማመድ የነበረው ይህንኑ ነበር፤ "አልተስማማዎትም፣ አልተስማማዎትም"። አጨዳ ላይ ያሉ ሰዎች ሰላም ሲሉኝ እንኳ በቅጡ አልመለስኩም።

ደብሩ ስደርስ ሰዓቱ ሰባት ሆኗል። ጾም ስለሆነ ቅዳሴው ገና መግባቱ ነበር፤ የሚያልቀው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ቄስ ምናሉ ቀዳሽ ሆነው ቤተ መቅደስ ገብተዋል። መሪጌታ ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። በሴቶች በር በኩል ቆሜ ጀርባቸው ይታየኛል። አጠገቤ ለነበሩት ሽማግሌ፣ "መሪጌታን ለአፍታ ቢጠሩልኝ" ብዬ በሹክሹክታ ለመንኳቸው።

"ማን ሞቶ ነው?" አሉኝ።

"ማንም አልሞተም።"

"እንግዲያ ቅዳሴው ይለቅ።"

ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆምኩ። ክኒኑን የሚውጡት እህል ከቀመሱ በኋላ መሆኑን ስለማውቅ አራተኛውን እንዳልወሰዱ እርግጠኛ ነበርኩ። ያስፈራኝ የሦስቱ ነገር ነው። እህል ውኃ ሳይቀምሱ፣ በቀነሰ ደም፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። አንድ ጊዜ ግንባራቸውን መቋሚያው ላይ አሳርፈው ቆዩ፤ ወደቁ ብዬ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ቀና አሉና ዜማውን ቀጠሉ። ድምፃቸው ግን አርብ ዕለት ሲያወሩኝ እንደነበረው አልነበረም፤ በየመካከሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እውነት እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፈጣሪዬን የለመንኩት መጀመሪያ ለራሴ፣ ቀጥሎ ለሳቸው ነበር።

ቅዳሴው አለቀ። ሕዝቡ ጠበል ጠጥቶ ሲበተን ደጀ ሰላሙ አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ቀና ብለው ሲያዩኝ የዓይናቸው ነጩ ቢጫ ሆኗል።

"የላቦራቶሪዋ ልጅ! ምን እግር ጣለሽ?"

"መሪጌታ፣ ሽንትዎ እንዴት ነው?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ በቤተ ክርስቲያን ደጅ በመጠየቄ ግራና ቀኝ አዩ። "ከትናንት ወዲህ ጠቁሯል። ጠላ ይመስላል። ወባው እየወጣ ነው ብዬ ተውኩት።"

የደማቸውን መጠን ለካሁ። አርብ ዕለት አሥራ ሦስት ነበር፤ አሁን ዘጠኝ። በዚያች ቅጽበት ስለማመደው የዋልኩት ቃል ከአፌ ወጣ።

"ክኒኑ አልተስማማዎትም መሰለኝ፣ መሪጌታ። ያቁሙት፤ ወደ ሆስፒታልም እንሂድ።"

"እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ይህን ልትነግሪኝ ይህን ሁሉ መንገድ!" አሉና መረቁኝ። ምርቃቱ እንደ እሾህ ወጋኝ። ቄስ ምናሉም ልብሰ ተክህኖአቸውን አውልቀው መጡና አጠገባችን ቆሙ። መሪጌታ ወደሳቸው ዞረው፣

"አየህ፣ ለኔ ሽማግሌ ስለሆንኩ አልተስማማኝም። አንዳርጌ ግን ወጣት ነው፣ ይችለዋል" አሉ።

"አንዳርጌ ማነው?" አልኩ።

"የልጄ የወርቄ ልጅ ነው። ሲማዳ ነው ያሉት። ለንግሡ አብረን ነበርን፤ እሱንም ወባው ይዞታል። ቅዳሜ ይህንኑ ክኒን እዚያ ሰጥተውት፣ አንዱን ውጦ አልደግምም ሲል ትናንት በምናሉ ስልክ ደወለችልኝ። ‘እኔ አያትህ የምውጠውን አንተ ምን ሆነህ ነው የማትውጠው’ ብዬ ተቆጣሁት።"

በሥልጠናው ላይ የተማርኩት ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ይህ የደም ጉድለት ከአባት ለወንድ ልጁ አይተላለፍም። ሴት ልጆቹ ግን ሁሉም ይሸከሙታል፤ ከሴት ልጆቹ ደግሞ ለወንድ ልጆቻቸው ሊያልፍ ይችላል። መሪጌታ "ሽማግሌ ስለሆንኩ ነው" ብለው እስካመኑ ድረስ አንዳርጌ ክኒኑን ይውጣል። እኔ እንጀራዬን ለማዳን የተናገርኳት ቃል ሲማዳ ድረስ ሄዳ አንድ ወጣት ልትገድል ነው።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። "መሪጌታ፣ ይቅር ይበሉኝ። ዋሸሁዎት" አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የስሙን፣ የአንድና ሁለቱን፣ ማን ቀድሞ የት እንደገባ፣ የሳቸው ደም ምን እንደሚጎድለው፣ ክኒኑ የቄስ ምናሉ ድርሻ እንደነበረ። እንባዬ እየወረደ ስለነበር አንዳንዱን ሁለት ጊዜ መናገር ነበረብኝ።

ቄስ ምናሉ ፊታቸው ጠቆረ። "በሩን ይዤ ያስገባኋቸው እኮ እኔ ነኝ" አሉ ለራሳቸው።

መሪጌታ ግን መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡና፣ "ስልኩን ክፈት፣ ምናሉ" አሉ።

ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ነው። እሳቸውን እዚያው ትተን ሁለታችን ሮጥን። ወርቄ በሦስተኛው ሙከራ አነሣች። ማን እንደሆንኩ ነገርኳትና፣

"እትዬ ወርቄ፣ አንዳርጌ ስንት ክኒን ዋጠ?" አልኳት።

"ሁለት። የዛሬውን አሁን ከምሳው ጋር ልሰጠው ነው።"

"እንዳትሰጪው! ሽንቱ ምን ይመስላል?"

"አንቺ ደግሞ! የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ሽንቱን ለእናቱ ያሳያል?"

"ጠይቂልኝ፤ በእመቤቴ።"

ስልኩን ሳትዘጋ ከግቢው ወዲያ ማዶ ስትጣራ ሰማኋት። የሱ መልስ አልተሰማኝም። ስትመለስ ድምፅዋ ተቀይሮ ነበር። "ቀልቷል ይላል። ከጠዋት ጀምሮ።"

ዛሬውኑ ሆስፒታል እንድታደርሰው፣ የክኒኑን መያዣ ይዛ እንድትሄድና "አያቱም እንዲሁ ሆነዋል፣ ደማቸው ይህን ክኒን አይችልም" ብላ እንድትናገር አስጠናኋት። ቃል በቃል አስደገምኳት። ከጉብታው ስንወርድ ቄስ ምናሉ በቅሎ ሊያስጭኑ ቀደሙኝ።

መሪጌታን እህል አቅምሰን በበቅሎ እስከ መንገዱ አወረድናቸው።  በመንገድ ላይ፣ "ከማን ወሰድኩት ነው ያልሽኝ?" አሉ።

"ከእናትዎ ነው፣ መሪጌታ። እሳቸውም ከእናታቸው ወይም ከአባታቸው።"

"አባቶቼን እስከ ሰባት ቤት ልቁጠርልሽ እችላለሁ" አሉ። "የእናቴን እናት ስም ግን አላውቀውም።" 

ሆስፒታል ስምንት ቀን ተኙ። ደማቸው ሰባት ድረስ ወርዶ አንድ ከረጢት ደም ከተሰጣቸው በኋላ ማገገም ጀመሩ። አንዳርጌም በዚያው ምሽት ወደ ሌላ ሆስፒታል ደርሶ ተረፈ። እኔ ማክሰኞ ጠዋት የሆነውን ሁሉ በሁለት ገጽ ጽፌ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ሰጠሁ፤ ሲሳይም ትንሽ አኩርፎኝ ቆይቶ ከሥሩ ፈረመበት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰን። ተገቢ ነበር። መሪጌታን ልጠይቅ በሄድኩ ጊዜ፣ "እኔን ተይኝ፤ ያቺን ሁለተኛዋን ቃል ባትናገሪ ኖሮ ግን እግዜርም አይለቅሽ ነበር" አሉኝ።

አንባቢዎቼ፣ በየስብሰባው "ለእያንዳንዱ ሰው የሚስማማ ሕክምና" ሲባል ትሰሙ ይሆናል። መሣሪያ መግዛት፣ ባለሙያ ማሠልጠን፣ መመሪያ ማዘጋጀት። ሁሉም ያስፈልጋል፤ አልቃወምም። የኛ መሣሪያ ግን አልተሳሳተችም። የመሪጌታን ደም በትክክል አንብባለች። የተሳሳትነው ካህን አክብረን፣ ሽማግሌ አስቀድመን፣ ደግነት የመሰለንን ሁሉ ስናደርግ ነው። ዛሬ በኛ ጤና ጣቢያ የዓለም ስም ከነአባት፣ የካርድ ቁጥርና የእናት ስም ሳይጻፍ ጠብታ ደም አይወሰድም። አንድ ሰው ውጤቱ ዝቅተኛ ሲሆን ደግሞ "በእናትዎ በኩል ማን ማን አለ?" ብለን እንጠይቃለን። አንዳንዱ ይቆጣል፤ አንዳንዷ የእህቶቿን ልጆች ሁሉ ጎትታ ታመጣለች። መዝገቤ አሁን ስርዝ ድልዝ የሞላው ነው። ስጠራጠር ሰርዤ ሰውየውን መልሼ እጠራዋለሁና።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ደም በፈረሰ ማግስት የሚደረግ ምርመራ ስለሚያታልል፣ አንዳርጌን ከሦስት ወር በኋላ አምጪው ብዬ ለወርቄ ነግሬያት ነበር። በመጋቢት፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት ሁለቱ ከሲማዳ መጡ። እሷ ቀጠን ያለች፣ ነገር ለመናገር የማትቸኩል ሴት ናት። መሣሪያዋ ቁጥሩን ስታወጣ ልክ እንደ አያቱ ዝቅተኛ ነበር። አስረዳኋቸው፤ የትኞቹን መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ምክር እንደማይወስድ በካርድ ጽፌ ሰጠሁት።

"አንዳርጌ፣ እስቲ ውጭ ቆየኝ" አለችው። ልጁ ወጣ። በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች።

"የሱ ታላቅ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር" አለች። "የዛሬ ሦስት ዓመት። እንደዚሁ ወባ ተባለ፣ እንደዚሁ ክኒን ተሰጠው። አልውጥም፣ ሽንቴ ጠቆረ አለኝ። ጀምረህማ አታቋርጥም ብዬ ከፊቱ ቆሜ አስዋጥኩት። እስከ ስድስተኛው ቀን ቆጥሬ አስዋጥኩት።"

 እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? እሱን ሳልመረምረው በርግጠኝነት መናገር እንደማልችል ነገርኳት። የታዘዘላትን እንደሰጠችው፣ ማንም እናት የምታደርገውን እንዳደረገች ነገርኳት። ሰማችኝ፤ እንዳጽናናኋት ግን አይመስለኝም።

"ይቺ መሣሪያ ያን ጊዜ አልነበረችም?"

"እኛ ጋ አልነበረችም" አልኳት፤ ሌላ ቦታ እንደነበረች እያወቅሁ። የምዋሽበት አቅም ስላልነበረኝ ቀጥዬ፣ "ሌላ አገር ነበረች" አልኩ።

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። በሩ ጋ ደርሳ ዞረች።

"ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ" አለችኝ። "አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፤ ባሏ ቆላ ነው የሚያርስ። መቼ ላምጣቸው?"

ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ የላቦራቶሪ ቀጠሮዬ እስከ ሰኞ ሞልቷል።

"ነገ አምጫቸው" አልኳት።